ከሰማንያ በታች

«ሰማንያ ሦስት።»

ሮኒሻ ቁጥሩን ጮክ ብላ ካነበበች በኋላ ነው ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን መሆኗ ትዝ ያላት። ፈተናው ከተጀመረ ገና ሃያ አምስት ደቂቃው ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር ብልጭ አለችና ሰማንያ አራት ሆነች።

ከፊቷ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የኮምፒውተር ሳጥን ዓይን ይስባል። ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም። ጓደኛዋ ቶሪካ ከኮምፔርሳቶ ቆርጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ፣ ቡናማና ጥቁር ቀለም ቀብታዋለች። አየር የሚገባው ከፊት ለፊት ነው፤ ግን ተራ ቀዳዳ አይደለም። አያቷ በዛፍ ልጥ ጨርቅ ላይ የሚያትሙትን ጥለት ነው የፈለፈለችበት፤ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች፣ የዓሣ አጥንት የሚመስሉ መስመሮች፣ መሃሉ ላይ ኮከብ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀጭን መጋዝ አንድ በአንድ ስትቆርጥ ከርማለች። አውራ ጣቷ ላይ እስካሁን ፕላስተር አለ።

ችግሩ ያው ጥለቱ ነበር። ሮኒሻ ገና ሲጀመር የትንኝ ማባረሪያ ለኩሳ ጭሱን ወደ ሳጥኑ ስታስጠጋ አይታዋለች። ጠዋት የሌላውን ተወዳዳሪ የሺቭኒልን ሳጥን ስትፈትን ጭሱ በታች በኩል ሰተት ብሎ ገብቶ በላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። የቶሪካ ላይ ግን ጥለቱ ደጃፍ ደርሶ ሲያመነታ ቆየ። ጥቂቱ ገባ፤ የቀረው ወደ ጎን ተንሸራተተ። ማራገቢያው በኋላ የሚተፋው ትኩስ አየር ደግሞ ዞሮ በጎን ስንጥቅ ተመልሶ ይገባል። ሳጥኑ የራሱን ትንፋሽ መልሶ እየተነፈሰ ነው።

ሰማንያ አምስት።

ውድድሩ እንዲህ ነበር የመጣው። ላውቶካ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲጥል፣ መምህራቸው ማዳም ኡናይሲ የዘጠኙን ሆድ ዕቃ ለምነው አመጡ። ውስጣቸው ደህና ነው፤ ሳጥኖቻቸው ግን ዝገው አልቀዋል። ዘጠኙም ያሳዋ ደሴቶች ላይ ላለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው የሚሄዱት። እዚያ የኮምፒውተር ክፍል የሚሆነው የመጻሕፍቱ ጓዳ ስለሆነ፣ በጀልባ ተጉዞ ጠባብ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል። «ዲዛይኑን እናንተ ሥሩት» አሉ ማዳም ለዘጠነኛ ክፍል። «ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ኤር ኮንዲሽነር የለም። ለአንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ከሰማንያ ዲግሪ ያለፈ ሳጥን፣ የቱንም ያህል ቢያምር ወድቋል። የወደቀ እስከ ዓርብ አስተካክሎ መመለስ ይችላል።» ፈታኝ እንድትሆን ሮኒሻን መረጡ። «እሷ ጠንቃቃ ናት። ቁጥር አታበላሽም።»

ማክሰኞ ነበር። እስከ ዓርብ ሦስት ቀን። ሦስት ሳምንት የፈጀ ሥራ በሦስት ቀን ሊስተካከል?

«ሮኒ! ኧረ ሮኒ!»

በመስኮቱ ተደራራቢ መስታወቶች መካከል የቶሪካ ዓይንና ግማሽ አፍንጫ ታየ። ሳጥኑን የሠራ ሰው ወደ ክፍሉ መግባት አይፈቀድለትም፤ በመስኮት ማየት ግን አልተከለከለም ብላ ነው የመጣችው።

«ስንት ሆነ?»

ሮኒሻ ሳታስበው ስክሪኑን በትከሻዋ ከለለችው። «ደህና ነው።»

«ደህና ማለት?»

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ! ሂጂ፣ ማዳም ታይሻለች።»

«እሺ፣ እሺ፣ ሄድኩ!» የኮቴዋ ድምፅ በረንዳው ላይ እየሮጠ ራቀ።

ሮኒሻ ካቻቢቴውን አነሳች። የጎኑን ክዳን የያዘችውን አንዲት ብሎን ላላ አደረገች። እንዲያው ለማየት ያህል ነው፤ ችግሩ የአየር መግቢያው መሆኑን ለማረጋገጥ። ክዳኑን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሳበችው። ቁጥሩ ትንሽ ቆመና ቁልቁል ይወርድ ጀመር። ሰማንያ አንድ። ሰባ ዘጠኝ። ሰባ ስድስት።

አሁን እዘጋዋለሁ፣ አለች በልቧ። ይሄን ደቂቃ ብቻ ልየውና።

ሠላሳኛው ደቂቃ ደረሰ። ቅጹ በየአሥር ደቂቃው ነው የሚሞላው። ሃያኛው ላይ ሰባ ዘጠኝ ብላ ጽፋለች፤ ያ እውነተኛ ቁጥር ነው። ሰማንያ ሦስትና ሰማንያ አምስት የመጡት በመሃል ስለነበር የሚጻፉበት ቦታ የላቸውም። ሠላሳኛው ላይ «76» ብላ ጻፈች። አርባኛው ላይ «77»። ሃምሳኛው ላይም፣ ስድሳኛው ላይም «77»። አንዱንም ከራሷ አልፈጠረችም፤ ሁሉንም ከስክሪኑ ነው ያነበበችው። ይህንን ለራሷ ሦስት ጊዜ ነገረችው።

ከዚያ ክዳኑን መልሳ ገፋችው፣ ብሎኗን አጠበቀች፣ ከቅጹ ግርጌ ስሟን ፈረመች።

*

ሰኞ ጠዋት ማዳም ኡናይሲ ውጤቱን አነበቡ። ለመጨረሻ የቀረቡት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፤ የቶሪካና የሺቭኒል። የሺቭኒል የተሠራው ከትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ሥሩና አናቱ በምስማር ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል፤ ጎኑ ላይ የብስኩቱ ሥዕል ሳይለቅ ቀርቷል። ሲሠራ ደግሞ እንደ ንብ ይጮኻል። ልጆቹ ካዩት ቀን ጀምሮ «ብስኩት» ነው የሚሉት፤ መጀመሪያ ሳጥኑን፣ ቀጥሎ ሺቭኒልን ራሱን። ከሌላ ደሴት፣ ከላባሳ ከተማ መጥቶ አክስቱ ቤት መኖር ከጀመረ ገና ሁለተኛ መንፈቁ ስለሆነ፣ የሚመልስለት ጓደኛ የለውም።

«ሁለቱም ከሰማንያ በታች ናቸው» አሉ ማዳም። «የሺቭኒል ስድሳ ስምንት፣ የቶሪካ ሰባ ሰባት። ሁለቱም ስላለፉ በቀሪው ነው የምንለየው፤ በውበት፣ በድምፅ፣ በመጠን። አሸናፊዋ ቶሪካ ናት።»

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ቶሪካ ወንበር ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት። አሸናፊ የሆነ ሰው ኮምፒውተሮቹን ለመግጠም ከማዳም ጋር በጀልባ ይሄዳል፤ አንድ ረዳትም ይመርጣል። ትምህርት ቤቱ ያለባት ደሴት ደግሞ የቶሪካ አያት ያሉባት ናት። ቡቡ ነው የምትላቸው፤ ሦስት ዓመት አላየቻቸውም።

«ረዳትሽ ማን ይሁን?» አሉ ማዳም።

«ይሄማ ይጠየቃል? ሮኒሻ ናታ!»

ሁሉም ዞሮ አያት። ሮኒሻ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ጆሮዋ ድረስ ግን ጋለች። ያሳዋ ደሴቶችን ከባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ሆና ስታያቸው ነው ያደገችው፤ እግሯ ግን ረግጧቸው አያውቅም። ያን ዕለት ብሎኗን ስታላላ ቶሪካ ካሸነፈች ማንን እንደምትመርጥ ታውቅ ነበር። ለጓደኛዬ ብዬ ነው ስትል የከረመችው ነገር አሁን ሌላ ፊት አወጣ።

ደወል ሲደወል ሺቭኒል ወደ ቶሪካ ሄዶ እጁን ዘረጋ። «እንኳን ደስ አለሽ። ያንቺማ ቀሽት ነው።»

«ብስኩትህም ጥሩ ነበር» አለችው ቶሪካ እየሳቀች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ደስታ አስክሯት ነው።

*

ማታ እናቷ ከገመድ ያወረዱትን ልብስ ሲያራግፉ የሸንኮራ ቃጠሎው ጥላሸት በረንዳውን አጠቆረው። ስኳር ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ሁሌም እንደዚህ ነው። ሮኒሻ ሮቲ ቂጣዋን ቆርሳ ቆርሳ ሳህኑ ዳር ትደረድራለች።

«ምነው፣ አልጣፈጠሽም?»

«ጠግቤ ነው።»

«በአየር?» እናቷ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። «ትኩሳት የለሽም። በጉዞው ፈርተሽ ነው፤ እኔም ጀልባ አልወድም።» ከትምህርት ቤት የመጣውን የፈቃድ ወረቀት ብርሃን ወዳለበት አስጠግተው ለሦስተኛ ጊዜ አነበቡት። «‹በጥንቃቄዋና በታማኝነቷ የተመረጠች› ይላል። አይተሽዋል? ለአባትሽ በስልክ አንብቤለታለሁ። ከዚያ ደግሞ አንዴ ድገሚልኝ አለኝ።»

«እማዬ፣ ይበቃል።»

«ምን ይበቃል? ልጄን ላወድስ እንጂ!» ብለው በትልልቅ ፊደል ፈረሙ።

ሮኒሻ ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጠዋት ስታወጣው ፊርማው ያለበት በኩል ተጨማድዶ ነበር።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በእንጨት ሥራው ክፍል ሥራው ደራ። ስምንት ተጨማሪ ሳጥኖች መቆረጥ አለባቸው። ቶሪካ ጥለቱን በእርሳስ ትነድፋለች፤ የሚቆርጡት ግን ጥቂት ናቸው። እልል ሲሉ የነበሩት ሁሉ መጋዝ ሲያዩ ሥራ በዝቶባቸዋል። ሳይጠሩት የመጣው ሺቭኒል ነው። አራተኛውን ፊት ጨርሶ ብናኙን በአፉ እፍ አለና ሮኒሻ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግን ቅናት እንዳይመስልሽ።»

«ጠይቅ።»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «የጥለቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ለካኋቸው። ሁሉም ተደምረው የክብሪት ቀፎ አያክሉም። የኔ ሳጥን ላይ ያሉት ግን መዳፍ ይሞላሉ። እኔ እንዳሰላሁት ይሄ ሳጥን ዘጠናን ማለፍ ነበረበት።»

የሮኒሻ እጅ ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ያንቺ ቅጽ ግን ሰባ ሰባት ነው የሚለው» ቀጠለ። «አንቺ ደግሞ አትሳሳቺም። ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሁለት ገጽ ስሌት ነበረኝ፤ ሰረዝኩት። አሁን የት ጋ እንደሳትኩ ማወቅ ነው የምፈልገው። አየሩ በየት ነው የሚገባው?»

ዓይኑን ላለማየት ወደ መጋዙ ዞረች። «እኔ እንጃ። ምናልባት በጎኑ ስንጥቅ።»

«በስንጥቁ!» ሺቭኒል ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አየሽ፣ እሱን አላሰብኩትም።» እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ «ስንጥቅ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረ። «እናመሰግናለን፣ ፈታኛችን።»

ሙድ እየያዘባት ቢሆን ትመርጥ ነበር። አልነበረም። ከልቡ ነው።

በዚያው ሰዓት ማዳም ስልካቸውን ይዘው ገቡ። የደሴቷ መምህር ፎቶ ልኳል። ጓዳው ባዶ ሆኗል፤ መደርደሪያዎቹ ሰማያዊ ተቀብተዋል። አንድ ደርዘን የሚሆኑ ልጆች ቀለም በነካው እጃቸው ፊታቸውን ከልለው ይስቃሉ። «ዘጠኙም የሚቀመጡበት ቦታ ላይ የልጆቹ ስም በየተራ ተለጥፏል ይላል» አሉ ማዳም። «አንዷን ኮምፒውተር ለአራት ሊካፈሉ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሮኒሻ ጋ ሲደርስ ሳታይ አሳለፈችው።

*

ለቶሪካ የነገረቻት በማግስቱ፣ ባሕሩ ዳር ግንቡ ላይ ተቀምጠው በርበሬ የነካው ጥብስ አተር ከአንድ ወረቀት ሲበሉ ነው። መግቢያ ፈልጋ ነበር፤ አልመጣላትም።

«ሳጥኑ ወድቋል።»

«የት?» ቶሪካ እግሯ ሥር አየች።

«ፈተናውን ነው የምልሽ። ሰማንያን አልፎ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ነው የለካሁት።»

ቶሪካ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ሙድ እየያዝሽብኝ ነው አይደል?» ከዚያ የሮኒሻን ፊት አየችና ሳቋ ተቆረጠ። ወረቀቱን አጣጥፋ አተሩን ዘጋችው። አንዲት ጀልባ ሞተሯን እያንኳኳች አለፈች።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና አንቺ።»

«በቃ፣ እኔና አንቺ ጋ ይቅር። እዚያ ስንደርስ ክዳናቸውን ከፍተን እንተዋቸዋለን።»

«ቶሪካ፣ የባሕር ጨው አለ፣ አሸዋ አለ። ሕፃናት ደግሞ ጣታቸውን ይከታሉ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ቡቡ እንደምመጣ ሰምታለች! ዓሣ አጥማጁን ለኔ እንዲያጠምድ ከአሁኑ አዝዛዋለች።» ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ ግን ድንገት ቀና ብላ አየቻት፤ ሌላ ነገር ነበር የመጣላት። «ቆይ። በመስኮት መጥቼ ስንት ሆነ ስልሽ ምን ነበር ያልሽኝ?»

ሮኒሻ ወደ ባሕሩ ዞረች።

«‹ደህና ነው› አልሽኝ። ስንት ነበር ያኔ?»

«ሰማንያ አምስት።»

«እስከ ዓርብ ሦስት ቀን ነበረኝ እኮ፣ ሮኒ! ብትነግሪኝ ከጀርባው ሌላ መግቢያ እከፍት ነበር። ኮከቡን አሰፋው ነበር። ሞክሬ እወድቅ ነበር፤ ግን እሞክር ነበር!»

«እንዳይከፋሽ ብዬ...»

«ለኔ ብለሽ እንዳትዪ! እኔ አልለመንኩሽም።» ከግንቡ ዘላ ወረደች። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች፤ ሮኒሻ የታረቀቻት መስሏት ቀና አለች። ቶሪካ ግን የረሳችውን ቦርሳ ብቻ አንስታ ሄደች።

ሮኒሻ ፀሐይዋ ደሴቶቹ ጀርባ እስክትወርድ እዚያው ቀረች። ቶሪካ «ለማዳም ንገሪ» አላለቻትም። «አትንገሪ» ብላም አልጨረሰችውም። ነገሩን ለሷ ትታላት ነው የሄደችው።

*

ዓርብ ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ የመምህራኑ ክፍል በር ላይ ቆመች። ማዳም ኡናይሲ ደብተር እያረሙ ነበር።

«ማዳም፣ የቶሪካን ሳጥን እንደገና መለካት እፈልጋለሁ። እርስዎ ባሉበት።»

«ለምን?»

«በመጀመሪያው... ክዳኑ ተከፍቶ ነበር።»

ማዳም እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ተከፍቶ ነበር ወይስ ከፈትሽው?»

በረንዳው ላይ ልጆች እየተሯሯጡ አለፉ። ሮኒሻ እስኪያልፉ ጠበቀች።

«ከፈትኩት።»

ማዳም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። በመጨረሻ ተነሡ። «ሺቭኒልን ጥሪው። ቶሪካንም።»

ሺቭኒል መጣ። ቶሪካ ግን ከበሩ አልፋ አልገባችም፤ መቃኑን ተደግፋ ቆመች። ሮኒሻ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ የሳጥኑን ብሎኖች ሁሉ አጠበቀች፣ ማዳም አንድ በአንድ እንዲነኳቸው ጠበቀች። አዲስ ቅጽ አወጣች። ከዚያ ማስጀመሪያውን ተጫነች።

ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ሰማንያ ሰባት። ሃምሳኛው ላይ ዘጠና ሁለት። ስድሳኛው ሊሞላ ሲል ቁጥሩ ዘጠና አራት ላይ ቆመና ስክሪኑ መንቀርፈፍ ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል ራሱ ሥራውን እየቀነሰ ነበር። ሮኒሻ «94» ብላ ጻፈች።

«ዘጠናን ያልፋል ብዬ ነበር» አለ ሺቭኒል። የደስታ ድምፅ አልነበረውም። ቁጥሩን ሲያይ ቆየና ወደ ሮኒሻ ዞረ። «የሰረዝኩት ስሌት ልክ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«በስንጥቁ ነው ያልሽኝስ?»

«ውሸት ነው። የመጣልኝን ነው ያልኩህ።»

«ስጽፈው ዝም ብለሽ አየሽኝ።»

ቶሪካ ገብታ ገመዶቹን ነቀለች። ሳጥኑ ገና ትኩስ ነበር፤ እንደዚያው ደረቷ ላይ አቅፋው ወጣች። የሚከተላት አልነበረም።

ማዳም የድሮውን ቅጽ ከፋይሉ አውጥተው ከአዲሱ ጋር አንድ ላይ አያያዙት። «ጀልባው የሚነሣው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው፤ የሚሄደው የሺቭኒል ሳጥን ነው። ረዳቱን እሱ ይመርጣል። አንቺ አትሄጂም፤ ፈታኝም አይደለሽም። ለእናትሽ ማን ይንገራቸው፣ እኔ ወይስ አንቺ?»

«እኔ።»

«ጥሩ። ዛሬውኑ።» ማዳም በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ሺቭኒል፣ ቆርቆሮ ስንት አለህ?»

«አንድ፣ ማዳም።»

«እንግዲያስ ስምንት ያስፈልጉሃል።»

*

ከትምህርት በኋላ ሮኒሻ በሩ ላይ ጠበቀችው። ሺቭኒል አያት፤ «አብረሽኝ ነይ»ም፣ «አትምጪ»ም አላላትም። አውራ ጎዳናው ላይ ካለው የመጀመሪያ ሱቅ ገቡ። ባለሱቋ ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናቸው።

«ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ? ምን ልታደርጉበት ነው፣ ከበሮ?»

«ኮምፒውተር ልንሠራበት ነው፣ እትዬ» አለ ሺቭኒል።

«ውይ! እኔ ደግሞ አውሮፕላን ልሠራበት ነበር። በሉ ውሰዱት፤ ቀደማችሁኝ።» ሁለት ሰጧቸው። «ልጅቷ ምነው፣ ማን ገረፋት?»

«ማንም» አለች ሮኒሻ።

በየሱቁ እየዞሩ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አንዱ ቆርቆሮ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታበት ነበር፤ የሌላው ታች በዝገት ተበልቷል። ደህናዎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ሮኒሻ ሦስቱን ተሸክማለች፤ ጠርዛቸው ክንዷን ይቆርጣታል። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ቶሪካን ውሰዳት ልትለው፤ አያቷ እዚያ ናቸው፣ ደግሞ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። ሁለቱንም ጊዜ ዘጋችው። የሚመርጠው እሱ ነው። የሰዎችን ነገር ከበስተጀርባ ሆና አንዴ አደላድላዋለች፤ ምን እንዳመጣ አይታለች።

ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ወደ ሰፈሯ የሚሄደው መስታወት አልባ አውቶቡስ ከታክሲዎቹ ጀርባ ብቅ አለ። ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ሙሉ ያስጠብቃል። ቤት ደግሞ እናቷ አሉ፤ ያልተነገራቸው ነገር አለ።

«ያንቺ ነው» አለ ሺቭኒል፤ ከትምህርት ቤት ከወጡ ጀምሮ ለሷ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ሂጂ፤ አምስት ይበቃል ለዛሬ። ብቻዬን እሸከመዋለሁ።»

ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ አያት። እጇን እስክታነሣ ነው የሚጠብቀው።

ሮኒሻ ቆርቆሮዎቹን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። «ሦስት ይቀራል» አለች። «ገበያው ጀርባ ያሉት ሱቆች እስካሁን አልዘጉም። ለእናቴ በሚቀጥለው አውቶቡስ ደርሼ እነግራታለሁ።»

አውቶቡሱ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ሞተሩን አስጓርቶ አለፈ። ሺቭኒል አውቶቡሱ ሲርቅ አየና ወደ ገበያው የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ሮኒሻ አንድ እርምጃ ከኋላው ተከተለችው።